ሶርማን የሚያውቀው በር

የድራም አገር ምንጭ በደረቀ በሰባተኛው ቀን የከተማው የአደጋ ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ውኃውን ሰርቆ ከዓለት በር ጀርባ የዘጋበት ኩርሙድ የተባለው ዘንዶ ነበር። በሩ ላይ «ሶርማ ለብሶ ለቆመ እከፈታለሁ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ሶርማን ደግሞ በድራም የማያውቅ የለም፤ የነገሥታቱ ካባ ሰማያዊ ቀለም ነው። ሦስት ጀግኖች ያንን ለብሰው ሄዱ፤ በሩ ሦስቱንም በእሳት ፈጃቸው። ሦስተኛው የጨርቅ ቀለም ነካሪዋ የታንሚራ ወንድም ነበር።

ታንሚራ እንባዋ ሲደርቅ ወደ መምህሯ ወደ አባ ድርሻን ሄደች።

«አባባ፣ እኛ ነካሪዎች ‹ሶርማ› ብለን የምንጣራው መቼ ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጨርቁ ከቀለሙ ጋን ብቅ ሲል ነዋ!»

«ያኔ መልኩ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ክው አለ። ከጋን ሲወጣ ጨርቁ አረንጓዴ ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚለወጠው ነፋስ ሲነካው ነው። የጥንት ነካሪዎች ስሙን ያወጡት ለአረንጓዴው ነበር። ቤተ መንግሥት የሚደርሰው ግን ሰማያዊው ነውና ስሙም ከካባው ጋር ሄደ።

«ወይ የኛ ነገር!» አለ ራሱን ይዞ። «በየቀኑ እየጠራነው! ልጆቹን ያስፈጀናቸው እኛ ነን።»

«እንግዲያው ጋኑን ይዘን እንሄዳለን። በወንድሜ አጥንት እምላለሁ፣ ያለ ውኃ አልመለስም!»

ሰው የሚያክለውን ጋን በሁለት በቅሎ መሐል አንጠልጥለው አምስት ቀን ተጓዙ። አባ ድርሻን የረጅሙን ጨርቅ ጫፍ ከጋኑ ስቦ ትከሻው ላይ ጣለና ደጃፉ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ታንሚራ ጦሯን ይዛ ገባች። ጨርቁ ሰማያዊ መሆን ሲጀምር በሩ ሊዘጋ ይንቀሳቀሳል፤ ሽማግሌውም ከጋኑ አንድ ክንድ አረንጓዴ ጨርቅ ስቦ ይጨምራል። ዘንዶ ደግሞ አንዴ ወግተውት የሚሞት ፍጥረት አይደለም።

«አባባ፣ አለቀ እንዴ?» ብላ ጮኸች ከውስጥ።

«ገና ነው! አንቺ ውጊ!»

ዋሻት። ጨርቁ አልቆ ነበር። አባ ድርሻን ከነልብሱ ጋኑ ውስጥ ገብቶ ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ወጣና ደጃፉ ላይ ተመልሶ ቆመ። ታንሚራ የዘንዶውን ጉሮሮ በጦር አገኘችው። ውኃው ሲፈነዳ ሽማግሌው መሸሽ ይችል ነበር፤ ቢሸሽ ግን በሩ እሷ ላይ ይዘጋል። ጎርፉ እሷን ሜዳ ላይ ጣላት፤ እሱን ከዓለት ጋር አጋጨው።

በቀብሩ ቀን ንግሥቲቱ ሰማያዊውን ካባ አስመጣች። «በሶርማ ይገነዝ» አለች።

ታንሚራ እጇን ዘረጋች። «ግርማዊት ሆይ፣ ካባውን ይመልሱት። ሶርማ እሱ ራሱ ነው።»

ዛሬ በድራም አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ይባላል። ሶርማ የሚሉት ሌላው እስኪወጣ ድረስ በር ይዞ የሚቆምን ሰው ነው።