የአሰልጣኟ ግራ እጅ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የመኪና መሸጫው የመስታወት በር ገና ሲከፈት፣ ሚጡ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የአዲሱን መኪና ፎቶ ለጓደኛዋ ልትልክላት ቃል ገብታለች። ፎቶው ቶሎ ካልደረሳት ጓደኛዋ ወሬውን በራሷ ቀባብታ እንደምታሰራጨው ታውቃለች። ጓደኛዋን ክፍሉ ሁሉ «ራዲዮ» ይላታል፤ ከነጋ እስኪመሽ ስለማትዘጋ።

የሚጡ እናት የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነበረች። አሮጌዋ ማሰልጠኛ መኪና ተለማማጅ ያላላተመው ጎን ስላልነበራት የክፍል ልጆች «ጎርባጣዋ» ይሏታል። እናቷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባቆመቻት ቁጥር አንዱ ተነስቶ፣ «እናትሽ ደሞዝ የሚታሰብላት በግጭት ነው እንዴ?» ይልና ሌላውን ያስቃል። ሚጡ አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ።

በዚያ ሳምንት ግን የማሰልጠኛው ባለቤት እናቷን ቢሮ አስጠርቶ፣ ፈተና በማለፍ የእሷን ተማሪዎች የሚያህል እንደሌለ ነገራት። ስለዚህ ቅርጿ ገና የተለወጠውን ትንሿን የቤት አውቶሞቢል ሊገዛላት ወስኗል። መኪናዋ የምትመጣው በሦስት ደረጃ ነው፤ መነሻዋ፣ መካከለኛዋና ፉል ኦፕሽኗ። የወደድሽውን ምረጪ አላት። ሚጡ ይህን ሰምታ ሆዷ አልቻለም። በማግስቱ ክፍል ገብታ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ፉሏን ነው የምንወስደው» ብላ ለፈፈች።

ሻጩ ሸሚዙ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ወጣት ነው። እናቷን «እትዬ» እያለ ሦስቱን መኪኖች በተራ አሳያቸው። የፊት መብራታቸው ቀጥኖ ወደ ጎን ተስቧል፤ ጣሪያቸው ዝቅ፣ የዕቃ መጫኛቸው ሰፋ ብሏል። እስከዚህ ድረስ ሦስቱም እህትማማቾች ናቸው፤ ልዩነቱ ውስጥ ነው። መነሻዋ የጨርቅ ወንበር ነው ያላት፣ ስክሪን የሚባል ነገር የለባትም። መካከለኛዋ ስክሪንና የኋላ ካሜራ ትጨምራለች። ፉሏማ የቆዳ ወንበሯ፣ የሚከፈት ጣሪያዋ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬዋ፣ ሻጩ ራሱ ሲቆጥር ፊቱ በራ።

ሚጡ ፉሏ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨበጠች። ስልኳን ከፍ አድርጋ ፎቶ ስታነሳ እናቷ በስተቀኝ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ያን ጊዜ፣ ልማድ ነውና፣ የእናቷ ግራ እጅ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወረደ። የሚይዘው ፈልጎ አጣ። እዚያ ያለው የኩባያ ማስቀመጫ ብቻ ነው። እጁ ትንሽ ዋለለና ጉልበቷ ላይ አረፈ።

ሻጩ ይህን አይቶ አስረዳቸው። በመካከለኛዋና በፉሏ የእጅ ፍሬኑ በሚጫን ቁልፍ ሆኗል፤ የሚጫኑትም በሾፌሩ በኩል ከመሪው በስተግራ ነው። ወደ ላይ የሚሳበው ዘንግ ያለው በመነሻዋ ብቻ ነው።

«ግድ የለም» አለች እናቷ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከሚጡ ሳትነቅል። «በእኔ በኩል የእግር ፍሬን ያስገጥሙልኛል። እለምደዋለሁ።»

ሚጡ ግን ያን እጅ ታውቀዋለች። ከትምህርት በኋላ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ማሰልጠኛ መኪናዋ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ነው። ባለፈው ወር ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑም ፍሬኑም ጠፋባቸውና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ አንዲት ሴት ልጇን በጋሪ እየገፋች መንገዱን ታቋርጣለች። እናቷ ስለ ጎን መስታወት የጀመረችውን ማብራሪያ እንኳ አላቋረጠችም። ግራ እጇ ዘንጉን ሳበው፤ መኪናዋ ቀጥ አለች።

«አባባ፣ አሁን ይተንፍሱ» አለቻቸው። «ዳገቱ የትም አይሄድም።»

ሽማግሌው ላባቸውን ጠርገው ሳቁ። ሴትዮዋም የሆነውን ሳታውቅ ተሻገረች። በኋላ ሚጡ ስትጠይቃት እናቷ፣ እግር እስኪነሳ እጅ ይደርሳል አለቻት። ሚጡ ያን ቀን ኩራቱ ደረቷን ወጥሮት ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ነገሩ የሆነው በጎርባጣዋ ነዋ።

ከፉሏ ወረደችና ጥግ ላይ ወደቆመችው ነጭ መኪና፣ ወደ መነሻዋ ሄደች። ቸርኬዋ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ነው።

«እማዬ፣ እስቲ እዚህ ግቢ።»

እናቷ ገባች። እጇ ወረደና ዘንጉ ላይ አረፈ።

«ይቺ ትሁን» አለች ሚጡ።

«ለጓደኞችሽ ፉሏን ብለሽ የለ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ራዲዮ ናታ። ትናንት በር ላይ ይዛኝ እንኳን ደስ አለሽ ብላ አቅፋኝ ሄደች።» እናቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይስቁብሻል እኮ፣ ሚጡዬ።»

«ይሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ስለ ልብስ ሰፊው እነግራቸዋለሁ።»

እናቷ መስኮቱን አወረደችና ሻጩን ጠራችው። ሚጡ የፉሏን ፎቶ አጠፋችና ሌላ አነሳች፤ ዘንጉንና በላዩ ያለውን እጅ። ለራዲዮ ላከችው።

እናቷ እስከታመመችበት ዓመት ድረስ በዚያች ነጭ መኪና አስተማረች። ካረፈች በኋላ ማሰልጠኛው መኪናዋን ለሌላ አሰልጣኝ ሰጣት።