የቤንዚኑን ቧንቧ ማን ዘጋው?

መካኒኩ አልቢ ኑናን ከስለላ አውሮፕላኗ አፍንጫ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ሞተሩ ቤንዚን እንዲስብ ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያዞር፣ ሞተሩ ድንገት ተነስቶ ፕሮፔለሩ መትቶታል። ሸራ አልብሰውታል፤ ክፉው የሲና ንፋስ ግን ሸራውን ደጋግሞ ይገልጠዋል።

ባለ ድርብ ክንፏ አውሮፕላን በፈረንሳይ ሰማይ የጠላትን ምሽግ ፎቶ ስታነሳ አርጅታ፣ ክንፏ በጨርቅ ተለጣጥፎ ወደዚህ በረሃ የተላከች ናት። አውስትራሊያውያኑ «አሮጊቷ» ይሏታል። ዛሬ ግን ማንም ሊጠጋት አልፈለገም።

ከጦር ፖሊስ የመጣው ሻምበል ተሊ በሰላሙ ጊዜ የባላራት ከተማ መርማሪ ነበር። መጀመሪያ ያስጠራው አብራሪውን መቶ አለቃ ፒምን ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መካኒኩ «ጠፍቷል?» ይላል፣ አብራሪው ማጥፊያውን አይቶ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፕሮፔለሩ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ፒም ሳያይ መልሶ ከሆነ የጦር ፍርድ ቤት ይጠብቀዋል።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አጥፍተኸው ነበር?»

«እናቴን! ጠፍቶ ነበር።» አለ ፒም። «አልቢ እኮ ቃሌን አምኖ ነው የነካው።»

«ሌላ ያስተዋልከው ነገር አለ?»

«የቤንዚኑን ቧንቧ ተዘግቶ አገኘሁት። ከፈትኩት።»

ተሊ ወደ አብራሪው ወንበር ወጥቶ ጎንበስ አለ። ከማጥፊያው ጀርባ አንዲት ሽቦ ተንጠልጥላለች። አልተበጠሰችም፤ ብሎኗ በመፍቻ ተፈትቷል። ያቺ ሽቦ ከተፈታች ማጥፊያው ለይስሙላ ነው፤ ፕሮፔለሩ ገና ሲነካ ሞተሩ ይነሳል።

ቀጥሎ በአውሮፕላኗ ላይ ከፒም ፊት የሚቀመጠውን ቃኚ፣ መቶ አለቃ ዴስን ጠየቀው።

«ቧንቧው መዘጋቱን ሰምተሃል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል! ፒም ‹የትኛው ደንቆሮ ነው የዘጋው?› እያለ ሲራገም አልቢ ይስቅበት ነበር።»

«ጎህ ሲቀድ ሞተሩ ሲሞቅስ?»

«ጢሜን እየተላጨሁ ነበር። አሮጊቷ እንደ ሳንባ በሽተኛ ስትስል፣ ስትስል ጸጥ አለች።»

ሞተሩን ያሞቀው የመካኒኮቹ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ ረጅ ነበር።

«ፕሮፔለሩን ማን አዞረልህ?»

«አልቢ ነዋ። ሞተሩ ሲነሳ ቁርሱን ሊቀማምስ ሄደ፤ ጸጥ ሲል ተመለሰ።»

«በምን አጠፋኸው?»

«በማጥፊያው ነዋ ጌታዬ! በምን ላጠፋው ኖሯል? ቀጭ ሲያደርጓት ጭጭ ትላለች።»

ከምሳ በኋላ ሁሉም በምግብ ድንኳኑ ተሰበሰቡ። ሰማዩ በአሸዋ ቀልቷል፤ የድንኳኑ ምሰሶ ይንቋቋል። 

«ጎህ ሲቀድ አልቢ ራሱ ማጥፊያው ጠፍቶ ፕሮፔለሩን አዙሮ ምንም አልሆነም» አለ ተሊ። «ስለዚህ ያኔ ሽቦዋ ታስራ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብራሪው ወንበር ላይ የተቀመጡት ረጅና ፒም ብቻ ናቸው። የፈታት ፒም ከሆነ ግን ቧንቧውን ማን ዘጋው?»

«እዚህ ከሞቀች በኋላ ቧንቧ አይነካም» አለ አዛዡ ሻለቃ ኮርባን። «አብራሪው ሃርግሬቭ ቧንቧው ተዘግቶበት በካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረች ቤንዚን ብቻ ተነስቶ ነው የተከሰከሰው። ከዚያ ወዲህ ከልክያለሁ።»

«እንግዲያው የዘጋው የግዱን ነው። ረጅ፣ ብቻህን የነበርከው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ስለሆነ ሽቦዋን ያኔ ፈታህ። ከዚያ ማጥፊያው አልሠራልህ አለ፤ ቤንዚኑን ዘግተህ አሮጊቷን ገደልካት። በማጥፊያ የጠፋ ሞተር ወዲያው ቀጥ ይላል፤ የሚስለው ቤንዚን የተከለከለ ነው። ዴስ የሰማው ሳሉን ነው። አንተ ግን ቀጭ አድርጌ አልከኝ።»

ረጅ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«የሃርግሬቭንም ቧንቧ ዘግቼ የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «አልቢ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ትናንት ወደ ሻለቃው ድንኳን ሲገባ አየሁት። አለቀልኝ፣ ሊያጋልጠኝ ነው አልኩ።»

ሻለቃው ወደ ረጅ ዞረ።

«የመጣው ወንድሙ ወዳለበት ፈረሰኛ ጦር ልዛወር ብሎ ሊለምነኝ ነው። ስለ አንተ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፈቅጄለት ነበር፤ ዛሬ ከሰዓት ይሄድ ነበር።»

ፒም ከጠዋት ጀምሮ ይዞት የዋለውን እንባ ለቀቀው። ረጅ ግን ሻለቃው ሌላ ነገር እንዲጨምርለት የሚጠብቅ ይመስል አፉን ከፍቶ እንደቆመ ቀረ።