የመሪጌታ ሁለት ነጥብ

አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዱ ተነስቶ ጂኒ አየሁ ብሎ ወሬ ሲጀምር ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልልህም፣ ግን ያቺን ቅዳሜ ምን ላድርጋት? ወዴት ልጣላት? እስቲ አንተው ስማኝና ፍረድ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፣ እኔ ፒያሳ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ፊደል ለቃሚ ማለት በእርሳስ የተቀረጹትን ፊደሎች ከሳጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳ በመስመር የሚደረድር ሰው ነው፣ አንባቢው የሚያየው ቀለሙን ነው፣ እኛ የምናየው እርሳሱን፣ ያውም በግልባጩ። ሥራውን ያስተማሩኝ መሪጌታ ላቀው ናቸው፣ ከድጓ ወደ እርሳስ የመጡ ሰው፣ ሲለቅሙ ዜማ ያንጎራጉራሉ፣ አንድ መስመር በሞላላቸው ቁጥር ደግሞ የመደርደሪያዋን ብረት በጣታቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጓታል፣ ሁልጊዜ ሁለቴ። ልማዳቸው ነው፣ እኛም ለምደነው አንሰማውም ነበር።

በዚያን ወቅት እኛ ወጣቶቹ ሁለት ነጥብን እየተውን፣ በቃልና በቃል መሀል ክፍት ቦታ ብቻ ማድረግ ጀምረን ነበር፣ እንደ ስልጣኔ ቆጥረነው ማለት ነው። መሪጌታ ይህን ሲያዩ ያማቸዋል።

«ግርማ! ይሄ ምንድነው? ቃሉን በትነህበት የት ልትሄድ ነው?»

«መሪጌታ፣ ክፍት ቦታውም እኮ ይለያል» እላቸዋለሁ።

«መለየትማ ማን ያቅተዋል! ሁለት ነጥብ አጥር መሰለህ እንዴ? ሁለት ቃል እጅ ለእጅ የሚያያዝበት ነው። ባዶ ትተህ እንዳላይህ!»

እንዲህ ይቆጡኝ እንጂ እንደ ልጃቸው ነበር የሚወዱኝ፣ «ሰርግህን ሳልበላ አልሞትም» ይሉኝ ነበር ሁልጊዜ። ሰርጌ ጥር ላይ ተቆረጠ፣ እሳቸው ግን ኅዳር ላይ ሳል ጣላቸውና በዚያው አረፉ። ከእሳቸው ቀብር በኋላ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ያንን ያረጀ የአማርኛ ፊደል በሙሉ አቀለጠውና አዲስ አስመጣ። አሮጌውን ፊደል እኔ በጨለማም ብዳብሰው አውቀዋለሁ፣ የሁለት ነጥቡ የታችኛዋ ነጥብ በአንድ ጎኗ ሸረፍ ያለች ነበረች። ይቺን ሽራፊ ያዝልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ወደ ቅዳሜዋ ልምጣልህ። አቶ ፍሬው የሚባል፣ ውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ ሸጋ ልጅ፣ ኮምፒዩተር የሚሉትን መኪና እንዴት እንደሚያናግሩት ሊያስተምር ሰኞ ክፍል ይከፍታል፣ ለተማሪዎቹ የሚሆነውን መጽሐፍ የምናትመው እኛ ነን። አብዛኛው አማርኛ ነው፣ መሀሉ ላይ ግን መኪናው የሚታዘዝበት ጽሑፍ፣ እሱ ፕሮግራም የሚለው፣ በፈረንጅ ፊደል ተደርድሮ ይገባል። የቀረችው ያቺ የፕሮግራሙ ገጽ ብቻ ናት፣ እኔ ደግሞ በማግስቱ እሁድ ሙሽራ ነኝ! ባለቤቱ ፈረንጅ ስለሆነ ሙሴ ነበር የምንለው፣ ቅዳሜ በቀትር ባርኔጣውን አድርጎ ሲወጣ እየሳቀ ምን አለኝ መሰለህ፣ «ግርማ፣ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ፕሮግራም የለም። ካላለቀ እሁድም ትመጣለህ።» ሳቁን አትየው፣ ሙሴ ያለው አይቀርም። እታፈራሁን ለማግባት ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬያለሁ ወዳጄ፣ አባቷ አትክልት ተራ የታወቁ ነጋዴ ናቸው፣ ሙሽራው እርሳስ ሊለቅም ሄዷል ቢባሉ ድንኳኑን ነቅለው እንደሚሄዱ አልጠራጠርም። ሱፌም ገና ከልብስ ሰፊው አልወጣም።

ሁሉም ሠራተኛ ወጥቶ እኔና ፍሬው ብቻ ቀረን። ገጿን ደርድሬ የመጀመሪያውን የሙከራ ወረቀት አወጣሁና ሰጠሁት። አየውና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ ሳቅ ነው።

«ግርማ! ይሄን መኪናው ቢያይ እኮ ያብዳል!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ባዶ ባየህበት ሁሉ ሁለት ነጥብ ተክለህበታል። መስመሩንም ዳርና ዳሩ እኩል ይሁን ብለህ ጎትተኸዋል።»

እውነቱን ነው። የመሪጌታ ተማሪ አይደለሁ? በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ የፈረንጅ ቃል ሲገባም በሁለት ነጥብ ይለያል ብለው ነው ያስተማሩኝ፣ አማርኛውን በክፍት ቦታ መለየት ብለምድም ይህኛውን እጄ አልረሳውም፣ ሳላስበው ሠርቶታል።

«እዚህ ላይ ባዶውም ፊደል ነው» አለኝ ፍሬው፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። «መስመሩ ሲጀምር የተተወው ክፍት ቦታ ካልተጠበቀ፣ ወይም ሌላ ምልክት ከገባበት፣ መኪናው ምን እንዳልነው አይገባውም። ልጆቹ ደግሞ ከመጽሐፉ እያዩ ነው የሚመቱት። ሰኞ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ አታዋርደኝ።»

ነገሩ ገባኝ፣ ደስም አለኝ፣ ባዶ ፊደል ነው ሲባል በዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ነቅዬ በቦታቸው ባዶ እርሳስ አስገባሁ፣ ባዶ እርሳስ ቁመቱ ከፊደል ያጥራል፣ ቀለም አይነካውም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛውን ወረቀት ጫንኩ፣ አወጣሁ። ሁለት ነጥብ! ሁሉም ቦታ አይደለም፣ እዚህም እዚያም።

«ረስተሃቸው ነው» አለ ፍሬው። ረስቼ ይሆናል አልኩ፣ የሰርግ ዋዜማ አይደል፣ ሐሳብ የት አለ። እንደገና ነቀልኩ፣ አሁን ፍሬው ራሱ አጠገቤ ቆሞ መስመር በመስመር አየ፣ ንጹሕ ነው። ጫንኩ፣ አወጣሁ። አሁንም ሁለት ነጥብ፣ በዚህ ጊዜ ብሶባቸው በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ቆመዋል። ተያየን። ባዶው እርሳስ ተነስቶ ቀለም ነክቶት ይሆናል አልኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ግን የተነሳ ባዶ እርሳስ ጥቁር አራት ማዕዘን ነው የሚያወጣው፣ የተስተካከለ ሁለት ነጥብ አያወጣም። እርሳሱን በጣቴ ዳበስኩት። እመነኝ ወዳጄ፣ ባዶ ያደረግኩበት ቦታ ሁለት ነጥብ ቆሟል።

«አሁን እኮ አብረን አየነው» አለ ፍሬው ቀስ ብሎ። ከዚያ ግንባሩን ጠረገና «ርቦን ነው፣ ማኪያቶና ኬክ ላምጣ» ብሎ ወጣ። የተማረ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አየህልኝ? ኬክ ያመጣል!

ብቻዬን ስቀር መላ ዘየድኩ። የሁለት ነጥቡን ሳጥን ብድግ አድርጌ ጓዳ ወሰድኩት፣ ካፖርቴን ጣል አደረግኩበት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አሁን ከየት ትመጣላችሁ አልኳቸው ጮክ ብዬ፣ ራሴም ሳቅሁ። ፀሐይ ነው እኮ፣ ውጭ ጋሪው ይንጋጋል፣ ሎተሪ አዟሪው ይጮኻል፣ ደግሞ ሙሽራ ነኝ፣ ምን ያስፈራኛል። ለአራተኛዋ ወረቀት ነቅዬ ጨረስኩና ቀለሙን ላስነካ ስል ከጥግ በኩል ሰማሁት።

ጠቅ ጠቅ።

ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። አይጥ ነው አልኩ። ወረቀቱን ጫንኩ፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ፣ መሪጌታ ይቆሙበት ከነበረው ጥግ፣ ከሞቱ ወዲህ ማንም ካልቆመበት። ወረቀቱን አነሳሁ። ሁለት ነጥቦች፣ ያውም በየቦታው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋኋት፣ የታችኛዋ ነጥብ በአንድ ጎኗ ሸረፍ ብላለች። ያ ፊደል ቀልጧል ወዳጄ! ሲቀልጥ እኔው ነኝ ማንኪያውን የያዝኩት!

በዚህ መሀል በሩ በርገድ አለ፣ ጮኼ ልሞት ነበር፣ ለካ ሸምሱ ነው፣ ሚዜዬ፣ የአትክልት ተራው አራዳ፣ ጠጉሩን ተቆርጦ፣ ሱፌን ከልብስ ሰፊው ተቀብሎ በክንዱ አንጠልጥሎ።

«ሙሽራው! እርሳስ ልታገባ ነው ወይስ እታፈራሁን?» አለኝ። ቀጥሎ አንገቱን ወደ ጥግ አሰገገ። «ከማን ጋር ነህ?»

«ብቻዬን።»

«ታዲያ ማነው የሚያንጎራጉረው? ደጅ ሆኜ ስሰማው ቆየሁ። እንደ ቄስ ነገር ነው፣ ደስ የሚል ድምፅ።»

ሸምሱ መሪጌታን በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፣ እኔም ስለ ዜማቸው ነግሬው አላውቅም። እኔ ደግሞ ጠቅታውን እንጂ ዜማውን አልሰማሁም።

ምን ልበልህ፣ ፈርቻለሁ፣ ግን እንግዳ የሆነ ነገር ነው፣ ከፍርሃቱ ሥር ደስ ደስ ይለኝ ነበር፣ ናፍቀውኝ ኖሯል። ወደ ጥጉ ሄድኩና፣ ሸምሱ አፉን ከፍቶ እያየኝ፣ ቆቤን አውልቄ ጎንበስ አልኩ።

«መሪጌታ» አልኩ፣ «ይሄ አማርኛ አይደለም። ይሄ የመኪና ቋንቋ ነው፣ ለእሱ ባዶውም ፊደል ነው አሉ፣ ባዶው ላይ ሲቆሙበት ምንም አይገባውም። ቃል በትኜ አይደለም፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ጥዬም አይደለም። ነገ ሰርጌ ነው። ካላስጨረሱኝ አልደርስም። እርስዎም ይምጡ፣ ሰርግህን ሳልበላ ብለው የለ?»

 ሸምሱ በሹክሹክታ «ይሄ ልጅ አበደ፣ ሱፉን ለማን ላልብሰው?» ይላል። ለአምስተኛዋ ወረቀት ነቀልኩ፣ ጫንኩ፣ አነሳሁ። ንጹሕ! መስመሮቹ ባዶ ግንባራቸውን ይዘው ልክ እንደተባሉት ቆመዋል፣ አንዲት ነጥብ የለችም። ፍሬው ኬኩን ይዞ ሲገባ እኔና ሸምሱ ተቃቅፈን ስንዘል ነው ያገኘን፣ ወረቀቱን አይቶ እሱም ኬኩን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ገባበት፣ ሦስታችንም ፊታችን ቀለም በቀለም ሆነ። ምን አድርገህ አስተካከልከው ሲለኝ «ለመንኳቸው» አልኩት፣ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሰርጉ ሰርግ ነበር! ፍሬውም መጥቶ እስክስታ መታ፣ አማቴ ሸምሱን ትከሻቸው ላይ ሊሸከሙት ምንም አልቀራቸውም። ሰኞም የፍሬው ተማሪዎች ከመጽሐፋችን እያዩ መቱ፣ መኪናው አንዱንም ሳይስት ታዘዘ አሉ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ እኮ ጥሩ ነበር። ከሰርጉ በኋላ እታፈራሁ ሻንጣዋን ስታወጣ የሰርጋችን የጥሪ ካርድ ከመሀል ወደቀ። ካርዱን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ በአዲሱ ፊደል፣ በዘመኑ ወግ፣ ያለ ሁለት ነጥብ፣ ለመላው ዘመድ የታደለው እንደዚያ ነው፣ የሸምሱን አስመጥቼ አይቻለሁ፣ በስማችን መሀል ክፍት ቦታ ብቻ ነው ያለው። የእሷ ላይ ግን ግርማ፡እና፡እታፈራሁ ይላል። የታችኛዋ ነጥብ ሸረፍ ያለች።

«ይሄን ማን ሠራው?» አልኳት።

«አንተ ነህ እንጂ ማን ይሠራዋል? ከሰጠኸኝ ጀምሮ እንደዚህ ነው» አለችኝ። «እንዲያውም ያማረኝ እሱ ነው፣ እጅ ለእጅ የተያያዝን ይመስላል።»

ስለ እጅ ለእጁ ነገር ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፣ ዛሬም ስንጨቃጨቅበት እንስቃለን።

ካርዱን በመስተዋት አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ልጆች አድገው ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል፣ ቀን ቀን፣ አንዳንዴ ጠቅ ጠቅ ይላል። እታፈራሁ «አይጥ ነው» ትላለች፣ እኔም «አይጥ ነው» እላለሁ፣ ከዚያ መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ እነሳለሁ። ለምን መሰለህ? በሁለት ነጥቡ ደስተኛ ነኝ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እኚያ ሰው አንድ የጀመሩትን ገጽ ሳይዘጉ ሄደው አያውቁም። ከስማችን መጨረሻ፣ ከእታፈራሁ ቀጥሎ፣ አራት ነጥብ ተጨምሮ እንደሆነ ነው የማየው። እስካሁን የለም፣ የእኛ ገጽ ገና አልተዘጋም። ያየህልኝ እንደሆነ ይህን ወግም ሳበቃ አራት ነጥቡን ትቼዋለሁ፣ አላምንም ብዬሃለሁ፣ ግን ምን አውቄ