የማይጠፋው ቀጠሮ

የዳይሬክተሩ ስልክ በግራ እጇ ነው። በቀኟ የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ትነካካለች። የከሰዓቱ ስብሰባ ሊያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል።

መሥሪያ ቤቱ የሚያውቃት በኮምፒውተር ጠጋኝነቷ ነው። የላኳት ሰዎች ግን ድርጭት ይሏታል። ዛሬ የተጠራችው የዳይሬክተሩ ቀጠሮዎች አልገጥም ብለው ነው፤ ስልኩ ሰኞ ሲል ኮምፒውተሩ ማክሰኞ ይላል፣ የኢንተርኔት አካውንቱ ጭራሽ አልሰማሁም ባይ ነው። ሽማግሌ የማያስታርቃቸው ሦስት ጠበኞች። ያጣላቻቸውም ራሷ ናት፣ ባለፈው ሳምንት።

አሁን አስታረቀቻቸው። ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ።

ዓርብ፣ አራት ሰዓት፣ ከጦር መሣሪያ ደላላው ጋር።

ሦስት ወር የለፋችው ለዚህች መስመር ነበር። አጎት ለሚባለው አለቃዋ ላከችለት።

ወዲያው ካላንደሩ ላይ ሌላ መስመር ብቅ አለ።

ማንም አልነካውም።

ያለፈው ወር፣ ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት፣ መናፈሻው፣ ሰነድ ማስረከብ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ቀኖቹን ታውቃቸዋለች፤ ከአጎት ጋር የተገናኘችባቸው ናቸው። የጻፈው ሰው ስም ግን የጸሐፊዋ ነው። ጸሐፊዋ የይለፍ ቃሏን እንደ እህት አምናት ነግራታለች፤ እሷም ለአጎት አቀብላለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ከኮምፒውተሩ አጠፋችው። ስልኩ መለሰው። ከስልኩ አጠፋችው። አካውንቱ መለሰው። ሩቅ የተቀመጠ ሰው እየተከታተለ ይጽፋል።

ደረጃው ላይ ወጥታ ለአጎት ደወለች።

«አጥፋው።»

«ሰላይ ይፈልጋሉ። ሰላይ ሰጠናቸው።»

«ሴትዮዋ ምንም አታውቅም።»

«አንቺን ጠርጥረውሽ ነበር። ጥቆማው ከግማሽ ሰዓት በፊት ደርሷቸዋል። ስምንት ተኩል ላይ አውቶቡስ አለሽ።»

ዘጋው።

ስትመለስ ሁለት ጠባቂዎች ጸሐፊዋን በክንዷ ይዘዋታል። ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ያነባል። ጸሐፊዋ የሆነ ስህተት አለ እያለች ታስረዳለች፤ ካላንደሩን ዛሬ ገና ነው ያስጠገንነው፣ ጠይቋት፣ ይቺው መጣች ትላለች። ሁሉም ወደ ድርጭት ዞሩ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ድርጭት ፈራች። ለራሷ ነፍስ ፈራች።

«እኔ ያገኘሁት እንዲሁ ተጽፎ ነው» አለች።

ጸሐፊዋ አልተቀየመቻትም። እውነቷን ነው ብላ ይሆናል። ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ እማዬ አልጋ ላይ ብቻዋን ናት። መድኃኒቷን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጪልኝ። ካንቺ በቀር ማን አለኝ?»

ድርጭት ቁልፉን ተቀበለቻት። እሺ አለች። እንዴት እሺ እንዳለች እሷም አታውቅም።

አውቶቡስ ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልኳን ሰባብራ ጣለች። መታወቂያዋን ቀየረች። አጎት በላከው ሰው በኩል ለዓርብ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው የሚል መልእክት ደረሳት፤ ሥራሽ ተደንቋል የሚልም ነበረበት። የጸሐፊዋ ቤት ከጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር። መንገዱን ሁለት ጊዜ ጀመረችው፤ ሁለቴም ከፊቷ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አይታ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ከከተማው ወጥቶ ነበር። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቋል። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ወሬ ጀመሩ፤ ከየት እንደመጣች፣ ለስንት ቀን እንደምትሄድ ጠየቋት።

«የሚጠብቅሽ ሰው አለ፣ ልጄ?»

«የለም» አለች።