ቀይ ክር የተጠመጠመባት ማንጠባጠቢያ

አምባዬ የሞተው አርብ ጠዋት ነው። ከአዋሽ ሰባት ከተማ ወደ መሥሪያ ቤቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ግርጌ፣ ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ከቆመ ከባድ መኪና ጎን ጋር ተላትሞ። ብስክሌቱ እጀታው ከመጣመሙ በቀር ምንም አልሆነም፤ የተሰበረው ሰውየው ነው።

ወይዘሮ አስረሳች ከዘራዋን እያንኳኳች ደረሰች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርባውን ዓመት እዚሁ አዋሽ የመኪና ሸራ ስትሰፋ ኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ በዚህም ምክንያት ለማንም አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

«ዞር በሉ እስቲ! ሰው ሞቶ ስልክ ትደግናላችሁ!»

ሰዉ ዞር አለ። ከሬሳው አጠገብ የብስክሌት ጠጋኙ ሀሰን ተንበርክኳል።

«እናቴ፣ ፍሬኑን ትናንት ማታ አጥብቄለታለሁ። ወላሂ አጥብቄለታለሁ።»

የሟቹን መዳፍ ገለጠች፤ የፍሬኑ ብረት በሁለቱም እጆቹ ላይ ቀይ መስመር አትሞ ሄዷል። ይዞ ነበር ማለት ነው፤ ጎማው ግን አልያዘለትም። ጎንበስ ብላ የፊተኛውን ጎማ ዙሪያ በነጭ የአቡጀዴ ቁራጭ ጠረገች። ጨርቁ ረጠበ። ከሽቦዎቹ በአንዱ ላይ እንደ ውሃ የጠራች የዘይት ጠብታ ቀርታለች። ከዚያችው ሽቦ ላይ የተያዘ አንድ ነገር ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ለማንም አላሳየችም።

ቤቷ ስትመለስ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ማጋል ጀምሯል። በስፌት መኪናዋ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎላት የምትቀመጠው የዘይት ማንጠባጠቢያ በረጅም አፏ ዘይት ትተፋለች። ጨርቁ የእንጀራ ያህል ርሷል። ወይዘሮ አስረሳች ቁጭ አለች። እስከ ምሳ ሰዓት ከዚያ አልተነሳችም።

ሀሰን ከቀትር በፊት ታሰረ። ረቡዕ ዕለት አምባዬ «ጠጋኝ ነኝ ትላለህ፣ ሰንሰለቴን አበላሸኸው» ብሎ በደንበኞቹ ፊት ቢያዋርደው፣ «ይህቺው ብስክሌት ትድፋህ!» ብሎ መጮሁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ደግሞስ ፍሬኑን የነካው እሱ አይደል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር አብዱሰላም ከሰመራ መጣ። ሀሰንን በዘጠኝ ሰዓት ይዞት ሊመለስ ነው። ለወጉ ያህል የግቢውን ሰዎች ሊጠይቅ ገባ።

ግቢው የዙሌይካ ነው፤ ከወሎ መጥታ ሻይ ቤት ከፍታ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት። አምባዬና ሚስቱ ማህሌት አንዱን ክፍል፣ ወይዘሮ አስረሳችና የእህቷ ልጅ ምስክር ሌላውን ተከራይተዋል። የሀሰን ሱቅ ከበሩ ዳር ናት።

«ብስክሌቷ የት ነው ያደረችው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው» አለች ዙሌይካ። «በሩን በመግሪብ ዘግቻለሁ። ከውጭ ዶሮ እንኳ አልገባም።»

«እንግዲያ የነካው ሀሰን ነው።»

«ሀሰን በምን ዘይት ነው የሚሠራው?» አለች ወይዘሮ አስረሳች ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና።

«እማማ፣ እርስዎን በተራዎ እጠይቅዎታለሁ።»

«ተራዬ እስኪደርስ ብሞትስ? ሀሰን ከከባድ መኪና ሆድ የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ነው የሚሠራው። እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። ፍሬኑ እንዳይዝ ጎማው ዘይት ተቀብቷል፤ የጠረግሁት ይኸውልህ።» አቡጀዴውን ወረወረችለት። ከጎማ ብናኝ በቀር ጥቁር ነገር የለበትም። «ይህ የስፌት መኪና ዘይት ነው። በዚህ ግቢ እሱ ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እርስዎ ገደሉት ልበል?»

«በል። ሥራህ ከሆነ በል። ግን መጀመሪያ ይችን ልጅ ጠይቃት፤ ረቡዕ ማንጠባጠቢያዬን ተውሳለች።»

ማህሌት ከእንባዋ ቀና አለች። «ለበራችን ማጠፊያ ነው! ይጮህ ነበር። ሁለት ጠብታ ነው ያደረግሁት።»

«ስትመልሺ ዘይት ሞላሽበት?»

«ምን ልሞላበት? ዘይት አለኝ እንዴ? ያኔውኑ መለስኩልዎ።»

«ባልሽ ሰሞኑን ምን ያስጨንቀው ነበር?» አለች ወይዘሮ አስረሳች።

ማህሌት ኢንስፔክተሩን አየች። «በመሥሪያ ቤቱ የትምህርት ማስረጃ የሚያጣራው እሱ ነበር። ሐሰተኛ የያዙትን ስም ዝርዝር ሰኞ ወደ ሰመራ ሊልክ ነበር። ‹አንዱ ስም ከበደኝ› ይለኝ ነበር። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ምስክር እጆቹን አጣጥፎ ከበራፉ ቆሟል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በጥር ወር ከደብረ ብርሃን መጥቶ ከአምባዬ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ገብቷል። ዲፕሎማው በመስታወት ተደርጎ ከወይዘሮ አስረሳች አልጋ ራስጌ ተሰቅሏል። ከእሷ ወገን ወረቀት የያዘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ ፊደል ያስቆጥራታል፤ ስሟን መጻፍ ልትጨርስ አንድ ፊደል ቀርቷታል።

«እቴቴ ደክሟታል» አለ አክስቱን እያየ። «ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ቢተዋት?»

«አልደከመኝም» አለች። «አብዱሰላም፣ ሀሰንን አስመጣልኝ። ከሱቁም አዲስ ባዶ ማንጠባጠቢያ ይምጣ። የእኔን እንዳትነካት፤ እንዳለች ትቀመጥ።»

ሀሰን እስኪመጣ ኢንስፔክተሩ ማህሌት ክፍል ገብቶ የአምባዬን መሳቢያ ከፈተና አንድ ወረቀት ኪሱ ከተተ። ሀሰን በካቴና ታስሮ ገባ። ሁሉም ከኒሟ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አስረሳች ባዶዋን ማንጠባጠቢያና የዘይት ጠርሙሷን ከፊቷ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ከዕድሜዬ የተነሣ ዘይት የምሞላበት አቅም የለኝም። ተራ በተራ ዘይት ጨምሩልኝና አሳዩኝ፤ እኔ በየተራው መልሼ ወደ ጠርሙሱ እገለብጣለሁ።»

«ይህ ምን ጨዋታ ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አንተም አይቀርልህም።»

ዙሌይካ ጨመረች፤ ግማሽ ላይ አቆመች። ማህሌትም ግማሽ ላይ። ሀሰን በታሰረ እጁ ከግማሽ ዝቅ አድርጎ ተወ። ኢንስፔክተሩ እየሣቀ ግማሽ አድርሶ ሰጣት። ምስክር ጠርሙሱን ያዘ። በጥንቃቄ፣ አንዲት ጠብታ ሳይደፋ፣ እስከ አንገቷ ሞላትና ክዳኗን አጠበቀ።



«እዚህ አገር እስከ አንገቱ አይሞላም» አለች ወይዘሮ አስረሳች ቀስ ብላ። «ሲነጋ ይበርዳል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ዘይቱ ያብጥና ቦታ ሲያጣ በአፉ ይወጣል። ያስተማረን የለም፤ ልብሳችን ተበላሽቶ ነው ያወቅነው። ምስክር፣ አንተ ደግሞ በጥር መጣህ። ሙቀቱ የጀመረው ገና አሁን፣ ሚያዝያ ሲገባ ነው።»

«እማማ፣ ዘይት መሙላት ወንጀል አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«መች ጨረስኩ? ሐሙስ ቀትር ላይ የስፌት መኪናዬን ዘይት ሳጠጣ ማንጠባጠቢያዬ ከግማሽ በታች ነበረች። ሐሙስ አመሻሽ ሀሰን ፍሬኑን ሲጨርስ እኔ ማኅበር ሄድኩ፤ ቤቱን ቆልፌ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ጡቴ ሥር፣ ሌላው ምስክር ኪስ። አርብ ከሬሳው ስመለስ ሞልታ ትተፋ ነበር። ይኸው ጨርቁ።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ጣት የማታህል ቀይ ክር ወጣች።

«የማንጠባጠቢያዬ አፍ ተሰንጥቆ በሸራ መስፊያ ቀይ ክር ጠምጥሜዋለሁ። ከክሩ አንዷ ጎድላለች። ከአምባዬ ብስክሌት ሽቦ ላይ ነው የነቀልኳት።»

«ከአደጋው ቦታ ማስረጃ አንስተው ሁለት ቀን ደበቁ?»

«ደበቅሁ። ለሁለት ቀን ፈሪ ሆንኩ፤ ጻፈው። የዚህ ዓለም ዘመዴ እሱ ብቻ ነው። ሀሰን ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ነው። መሳቢያውን ከፍተህ የአምባዬን ዝርዝር አይተሃል። የከበደው ስም የማን ነው?»

ኢንስፔክተሩ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማንበብ አላስፈለገውም፤ ዓይኑን ወደ ምስክር አነሣ።

ምስክር ወደ አክስቱ ዞረ። «እግሩ እንዲሰበር ብቻ ነበር» አለ። «ሰኞ እንዲያልፈው። ለምኜው ነበር። ‹አክስትህን ባየኋት ቁጥር እጄ ይታሰራል፣ ግን እልካለሁ› አለኝ። መኪናው እዚያ ይቆማል ብዬ በምን ልወቅ!»

ማህሌት ጮኸች። ዙሌይካ አቀፈቻት።

«ዘይቱን ለምን ተካህ?» አለች ወይዘሮ አስረሳች። «ጎዶሎ ብትተዋት እኮ እኔው ያጎደልኩት ይመስለኝ ነበር።»

«እንጃ» አለ። እንደ ልጅ ተደናገረ። «የሰው ዕቃ ጎዶሎ አይመለስም እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ።»

«እናትህን ያሳደግኋት እኔ ነኝ» አለች።

የሀሰን ካቴና ተፈትቶ በምስክር እጅ ገባ። ሀሰን አንጓውን እያሸ ወደ አሮጊቷ ተጠጋና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ በከዘራዋ መለሰችው። «ተወኝ። ምንም አላደረግሁልህም፤ ሁለት ቀን አሳስሬሃለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ቃሏን ጽፎ አነበበላት። ከዚያ የጣት አሻራ ቀለሙን ገፋላት። «አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ።»

«እስክርቢቶ ስጠኝ።»

እስክርቢቶውን እንደ ጃንጥላ እጀታ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ይዛ ጻፈች። «አ» ወጣች። «ስ»። «ረ»። «ሳ» ላይ እጇ ቆመ። ወደ ምስክር ዞረች።

«የመጨረሻዋን አላሳየኸኝም።»

«እቴቴ…»

«አሳየኝ። ስሜ ጎዶሎ አይሄድም።»

ምስክር በካቴና የታሰሩትን ሁለት እጆቹን ወደ ጠረጴዛው አነሣ። እስከ አንገቷ ከተሞላችው ማንጠባጠቢያ በፈሰሰው ዘይት ላይ፣ በጣቱ አንዲት «ች» ሣለላት። ወይዘሮ አስረሳች ጎንበስ ብላ በደንብ አየቻት፤ በእሱ ላይ በሚያስፈርደው ወረቀት ላይም ቁርጥ እሷኑ አድርጋ ገለበጠቻት።