ናፍጣ ያለቀባት ሹፌር

ጣሂራ ሙሜ ከመቻራ ጀንፈል ቡና ጭና ወደ ጭሮ ስትመለስ፣ ገለምሶን አልፋ በዴሳ ሳትደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨችና ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። መሪውን ወደ ዳር አጥፋ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ወርዳም ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገች።

አሮጌዋ የጭነት መኪና የአባቷ ናት። አቶ ሙሜ ሃያ ሰባት ዓመት ነድተዋታል። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ሲያደክመው ወንድማቸው አብዱልቃዲር «ትሸጥ» አለ። ጣሂራ ግን መንጃ ፈቃድ አውጥታ መሪውን ያዘች። ይኸው ሁለተኛ ወሯ ነው። አጎቷ አንድ ስህተቷን እየጠበቀ መሆኑንም ታውቃለች።

የነዳጅ ጌጁ ከሞተ ስለቆየ እንደ አባቷ በእንጨት ነው የምትለካው። ጠዋት መቻራ ላይ ግን መኪናዋ ዘቅዝቃ እንደቆመች ለካች፤ ናፍጣው ወደ አንድ በኩል ተጠራቅሞ እንጨቱን ከልኩ በላይ አረጠበው። አሁን ደግማ ስትለካ ጫፉ እንኳ አልረጠበም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጭሮ ካልደረሰች ደግሞ የቡናው ባለቤት የሆነው ነጋዴ ከዚህ በኋላ ሌላ መኪና ይይዛል።

አንድ ሞተር ሳይክል አጠገቧ ቆመ። ከኋላው የክትባት ሣጥን ታስሯል።

«አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። ሹፌሩ የት ሄደ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ሹፌሯ እኔ ነኝ።»

ወጣቱ አፈረ። «ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ። ምን ሆነችብሽ?»

ቱቦ ፈነዳ ብትለው ያምናት ነበር። «ናፍጣ አልቆብኝ ነው» አለች። «አቋቋሟን ሳላይ ለካሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። ጣሂራም ዓይኗን አልሰበረችም።

መስዑድ ይባላል፤ የእንስሳት ሐኪም ነው። «በዴሳ አንድ መካኒክ አውቃለሁ፤ ላምጣልሽ?»

«መካኒክ አያስፈልገኝም። ናፍጣ ብቻ» ብላ ጀሪካኑን ሰጠችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ናፍጣው ተጨምሮም ሞተሩ አልነሳ አለ።

«አየር ገብቶበታል» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ከናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለውን ብሎን አላልታ የእጅ መግፊያውን ደጋግማ ገፋች። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ቆይቶ ንጹሕ ናፍጣ። ብሎኑን አጥብቃ ወደ መሪው ወጣች። ሞተሩ አስሎ ነጭ ጭስ ተፋና ተነሳ። መስዑድ ራሱ ያስነሳት ይመስል ኮራ።

ጭሮ በሰዓቷ ደረሰች። የሆነውን ሁሉ አጎቷ ባለበት ለአባቷ ነገረች።

«አየሩን ማን አስወጣልሽ?» አሉ አቶ ሙሜ።

«ራሴ፣ አባ።»

እጇን ፈልገው ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «አብዱልቃዲር፣ መኪናዋ አትሸጥም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ መስዑድ ሐሙስ ሐሙስ ክትባት ሊወስድ ጭሮ ሲመጣ ሰላም ሳይላት አይመለስም ነበር። መንገድ ላይ ሲተላለፉም ሞተሩን አቁሞ አቧራዋ እስኪበርድ ይጠብቃል። ስድስት ወር እንዲህ ሆነና ሽማግሌ ላከ።

የመስዑድ አጎት አብዱናስር ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ተናገረ። «ልጅቷ ጨዋ ናት። ከኒካሁ በኋላ ግን መሪ መያዟ ይቀራል።»

ጣሂራ ከጓዳ ሰማች። ሻሽዋን አስተካክላ ወጣች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መስዑድ የላከው ቃል ይህ ከሆነ መልሴ አይሆንም ነው።»

ደጅ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው መስዑድ ድምጿን ሰምቶ ገባ። ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ቆመ።

«አጎቴ፣ ይህ ቃል የኔ አይደለም። እኔ የወደድኩት መንገድ ላይ ቆማ፣ በመንገዱም በመኪናዋም ሳታሳብብ ጥፋቴ ነው ያለችኝን ሰው ነው። ሥራዋን ትታ ብትመጣልኝ ግማሿ ነው የሚመጣልኝ።»

አቶ ሙሜ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። «ሰምተሻል። መልሱ ያንቺ ነው።»

«እሺ ብያለሁ፣ አባ።»

አብዱናስር ለዱዓ እጁን ከሁሉም ቀድሞ ዘረጋ።

ኒካሁ በታሰረ በሁለተኛው ሳምንት ጣሂራ ሽንኩርት ልትጭን ሂርና ሄደች። መስዑድ የእረፍት ቀኑ ስለነበር ጋቢና አብሯት ተቀመጠ። ጭነው ሲወጡ አንድ የጫት ነጋዴ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ወንድም፣ ሴት እየነዳች አንተ ትቀመጣለህ?»

«ባለቤቴ ናት» አለ መስዑድ፣ መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ። «እሷ ስትነዳ ተኝቼም እሄዳለሁ።»

ጣሂራ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ከተማውን ወጥተው ሜዳ ሲይዙ ግን እጇን ከማርሹ አንስታ እጁ ላይ አሳረፈችው፤ ማርሽ መቀየር እስኪያስፈልጋት ድረስም አላነሳችውም።