አባቷ የከሳበት ዓመት

የሻይ ብርጭቆው የሮባን ግንባር ለጥቂት ስቶ ግድግዳው ላይ ተከሰከሰ።

«ሌባ! ቁልፉን አምጣ! መኪናዬን ሸጠህ በላህ!»

የሮባና የእህቱ የጃለኔ አባት ጀቤሳ ከአልጋው ዘሎ ወርዶ የገዛ ልጁን አንገት አነቀ። በባዶ እግሩ ስብርባሪው ላይ ቆሞ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ሲፈስ እንኳ አልታወቀውም።

«አባዬ፣ ማሎ፣ በናትህ! ሮባ እኮ ነው! ልጅህ ነው!» ጃለኔ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። በክርኑ ደረቷን ሲላት ጠረጴዛው ሥር ሄዳ ወደቀች።

ሮባ የአባቱን ጣቶች ከአንገቱ ላይ ፈልቅቆ አላቀቀና ቀበቶውን ፈታ። ጃለኔ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁ ግን አልቀረላትም። ቀበቶው ባረፈበት ቁጥር አባቷ መጀመሪያ ተሳደበ፣ ከዚያ ለመነ፣ በመጨረሻ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሮባም እየመታ ያለቅስ ነበር።

ጀቤሳ ከጉደር አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ሆዱ ከመሪው ጋር እየታገለ፣ በየመንገዱ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ሃያ ዓመት ነዳ። ደም ግፊትና ስኳር አለብህ ሲሉት «የጌታ በሽታ ነው» ብሎ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብሎ ነቀምት ተገኘ። ሥራውም በዚያው ቀረ። ከዚያ መክሳት ጀመረ። ጎረቤቶች «ተመስገን፣ ቀለለው፤ ሊድን ነው» አሉ። እሱ ግን በከሳ ቁጥር ሰው አይለይም፣ ይማታል። እናታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ባጃጅ የሚነዳው ሮባ ሥራውን እየተወ አባቱን ይጠብቃል።

ጃለኔ ደግሞ የአባቷን ትከሻና ወገብ ወርሳለች። ባለፈው ሳምንት የክፍሏ ልጅ ሞቱማ ሰው ሁሉ ፊት «የአባትሽን ጭንቅላት የበላው ጮማው ነው! ተራሽን ጠብቂ፣ ወፍራሟ!» አላት። በቡጢ አፍንጫውን አደማችው። ርዕሰ መምህሩ ቀጧት። የሞቱማ ቃል ግን ከውስጧ አልወጣም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ አትበላም።

የአባቷ እግር መድማቱን አልተው ሲል በሮባ ባጃጅ ወደ አምቦ ይዘውት ሄዱ። ሮባ በመስታወቱ ውስጥ አየት አደረጋት።

«ወደቀ ነው የምንለው። ሌላ ቃል ከአፍሽ ቢወጣ ቀበቶው ላንቺም ይተርፋል። ሰማሽ?»

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ይገዙ የሚባለው ሐኪም ቁስሉን ሰፍቶ አባቷን ሚዛን ላይ አቆመው። ከዚያ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ጀርባውን አየ።

«ምን ሆነው ነው?»

«ወድቆ ነው» አለ ሮባ ፈጠን ብሎ።

ሐኪሙ ሮባን መድኃኒት ግዛ ብሎ ላከው። ጃለኔ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ዶክተር... መወፈር ነው እንዲህ ያደረገው?»

«በጉልምስና ዕድሜ ከመጠን በላይ መወፈር፣ በተለይ ግፊትና ስኳር ሲጨመሩበት፣ ለመርሳት በሽታ የመጋለጥ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ግን ብቻውን አይፈርድም። ወፍሮ የማይታመም አለ፣ ቀጭን ሆኖ የሚታመም አለ። አሁን መክሳታቸውም መዳን አይደለም፤ በሽታው ነው። መብላት እየረሱ ነው፣ ማጉረስ አለባችሁ።»

«እኔስ? እኔም እንደሱ እሆናለሁ?»

ሐኪሙ ከንፈሯ መድረቁን አየ። «ምሳ በልተሻል?»

አልበላሁም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«በረሃብ የሚድን ጭንቅላት የለም፣ የኔ እህት። ብይ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ተማሪ። ገና ልጅ ነሽ።»

አባቷ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ የሐኪሙን ጫማ ያያል። ሐኪሙ እጁን ሲያነሳ በድንጋጤ ፊቱን ሸፈነ። ጃለኔ ይህን ስታይ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«አልወደቀም» አለች። «ወንድሜ በቀበቶ መታው። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም... ደክሞት ነው። ግን መታው።»

ሮባ ሲመለስ ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ረጅም ጊዜ አነጋገረው። ጃለኔ አባቷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ሆና የሮባን ጩኸት ሰማች፤ ቀጥሎ ጠረጴዛ በቡጢ ሲመታ።

ሮባ ወጥቶ ሳያያት አልፎ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ጃለኔ አባቷን ይዛ እስከ ባጃጁ ተከተለችው። ሞተሩን አስነሳ።

«ግቡ!»

«አንገባም።»

«አሳጣሽኝ አይደል! ቤት ስንገባ...»

«ለዚህ ነው የማንገባው» አለች። የአባቷን እጅ አጥብቃ ይዛለች። «እንጭኒ ላለችው አክስታችን ለአረጋሽ እደውልና ትምጣ፤ ሦስታችን እየተፈራረቅን እንጠብቀው። ካልሆነ እዚሁ እንቀመጣለን።»

«ቤተ ዘመድ ይስማብኝ? ጉዴ ይውጣ?»

«ይስማ።»

ሮባ ነዳጅ ሰጠ፤ ባጃጁ አጓራ። መንገደኛው ዞር ዞር እያለ ያያቸዋል። አባቷ ፈርቶ ሊሮጥ ሲል ትከሻውን አቅፋ አስቀረችው። ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ሮባ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ቆይቶ፣ ሞተሩን አጠፋ።